የሰባት ቁጥር መጨረሻ

አዲስ መጽሐፍ እንዴት እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። መጽሐፉ በጀርባው ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እየተገለጠ በጣት ቀስ ተብሎ ይዳመጣል፤ እንዲህ እየተባለ መሐሉ ላይ ሲደረስ መጽሐፉ ራሱ ዘና ብሎ ይተኛል። በጉልበት ከመሐል የተከፈተ መጽሐፍ ግን ስፌቱ ይላላል፤ ብዙም ሳይቆይ ገጽ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ይህን ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያስተማርኳቸው ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከሸማ ተራ ጀርባ ስለነበር፣ መስኮት ከተከፈተ የኩሊዎቹ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" የሚለው ድምፅ ከእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

መጻሕፍቱን የሰበሰብኳቸው እዚያው መርካቶ፣ ጆንያ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ነው። በአንድ ክረምት ሃያ ስድስት አገኘሁ። ግማሾቹ በአማርኛ፣ ግማሾቹ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ። ሁሉም ለልጆችና ለወጣቶች የሚሆኑ ናቸው። አንድ ዓይን ያላትን አህያ ከጅብ አድና ያሳደገች ልጅ ታሪክ አለ። ሐይቅ ላይ ታንኳቸው የጠፋባቸው ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ሌቦች የደበቁትን የቤተ ክርስቲያን ደወል በድምፁ ብቻ ፈልጎ ያገኘ ዓይነ ስውር ልጅም አለ፤ ይህን የመጨረሻውን እኔ ራሴ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከባለ ሱቅ በለመንኩት የሳሙና ሳጥን ውስጥ ደረደርኳቸውና ክፍሉ ጥግ አስቀመጥኩት።

ሥርዓት እወዳለሁ። ለሳጥኑም ሥርዓት አወጣሁለት። ታሪኩ ሁሉ ከዚህ ሥርዓት የመጣ ስለሆነ በደንብ ላስረዳ።

መጀመሪያ፣ ሁሉንም መጻሕፍት በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሸፈንኳቸው። ደብተርና መጽሐፍ መሸፈን የትኛውም ተማሪ ትምህርት ሲከፈት የሚያደርገው ነው፤ የእኔ ግን ትንሽ ይለያል። ሽፋኑ ላይ የመጽሐፉን ስም አልጻፍኩም። ቁጥር ብቻ ነው የጻፍኩት። ልጅ ሥዕል አይቶ ወይም በስም ተታሎ እንዳይመርጥ፣ በጓደኛው ምስክርነት እንዲመርጥ ፈልጌ ነው። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ አንብቦ የወደደ ተማሪ ይነሳና መጽሐፉን ይዞ ለምን እንደወደደው ለክፍሉ ይናገራል። የፈለገ እጁን ያወጣል፤ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። የመጨረሻውና የኮራሁበት ደንብ ደግሞ ይህ ነበር፦ የታሪኩን መጨረሻ ላላነበበ ሰው መናገር ክልክል ነው። በክፍልም፣ በመንገድም፣ በቤትም። የተናገረ አንድ ወር መጽሐፍ አያገኝም።

ደንቡ ሠራ። ከጠበቅኩት በላይ ሠራ። ኳስ ሜዳው ላይ ሳይቀር ወሬው መጽሐፍ ሆነ። "አሥራ አንድ ማን ጋ ነው?" ይባባላሉ። "ሰባት ገና ከሸማ ተራ አልወጣም።" "አራትን ለእኔ አስቀምጥ፤ እኔ ሃያን እሰጥሃለሁ።"

በዚህ ወሬ የተጠራጠረው የመጀመሪያው ሰው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ጋሼ እለው ነበር። አንድ ቀን በር ላይ አስቆመኝና ልጆቹ ስለምን እንደሚነጋገሩ ጠየቀኝ። ስለ መጻሕፍት ነው አልኩት። መጽሐፍ ስም የለውም ወይ አለኝ። ሽፋኑንም፣ ቁጥሩንም፣ ዓርቡንም አንድ በአንድ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው አዳምጦኝ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"መምህር፣ እኔ ጦር ሠራዊት ውስጥ ስለነበርኩ አውቃለሁ" አለኝ። "በቁጥር የሚነጋገር ሰው፣ ስም መጥራት የፈራ ሰው ነው።"

ሳቅኩ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ጊዜው ሳቅ የሚያበዙበት አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ይወጣሉ፤ ይበተናሉ፤ ማለዳ ላይ በየአጥሩ ሥር በራሪ ወረቀት ይገኛል። ወረቀቱን ያነሳውም፣ ሲያነሳ ያየውም ይጠየቃሉ። በየሻይ ቤቱ፣ ከሚጠጣው ይልቅ የሚያዳምጠው ይበዛል ይባል ነበር። እኔ በእነዚህ ነገሮች ውስጥ አልነበርኩም። ነገር ግን አለመሆኔን የሚያውቀው ማን ነው?

ያን ሰሞን ነው ሰውየውን ያየሁት።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ደጇ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ቡናማ ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ ትምህርት ሲለቀቅ ከዚያ ወንበር ላይ አይጠፋም። ሻዩን ይዞ አይጠጣውም። ልጆቹ ሲወጡ ፊታቸውን አያይም፤ የሚያየው እጃቸውን ነው። የተሸፈነ መጽሐፍ የያዘ ልጅ ሲያልፍ ዓይኑ እስከ ማዞሪያው ድረስ ይሸኘዋል። ከዚያ ወደ እኔ ይመለሳል። አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰላም አልኩት፤ እሱም ባርኔጣውን ነካ አደረገ። ከዚህ በላይ ምንም አልተባባልንም።

ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ማስረጃዎቼን በሥርዓት ደረደርኩ፦ ሥራ ያለው ሰው በዚያ ሰዓት አይቀመጥም፤ ሻይ የፈለገ ሻዩን ይጠጣል፤ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ልጁን ይዞ ይሄዳል፣ እሱ ግን ብቻውን ነው የሚሄደው። በማግስቱ መንገድ ቀየርኩ። በአትክልት ተራ በኩል፣ ጎመን በጫነ ጋሪና በጭቃ መሐል እየተሹለከለክኩ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ይህ ራሱ እንደሚያስጠረጥር የገባኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ወደ ድሮው መንገዴ ተመለስኩ። ያም የባሰ አስጠርጣሪ ሳይሆን አልቀረም።

በሳምንቱ አንዲት ተማሪዬ ቀረች።

ከክፍሉ ሁሉ ብዙ የምታነብ ልጅ ነበረች። ዓርብ ስትናገር ሌሎቹ ሳይታዘዙ ዝም ይሉላት ነበር። በእጇ የነበረው ሰባት ቁጥር ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመርከብ ታሪክ። ሰኞ ቀረች፤ ማክሰኞም ቀረች። ጓደኞቿን ስጠይቅ አባቷ ሸማ ተራ ሱቅ ውስጥ እንዳስቀመጣት፣ ትምህርት በቃሽ እንዳላት ነገሩኝ። ለምን ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዷ፣ በመጽሐፉ የተነሳ ይመስለኛል አለች።

ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚቀመጡት ተማሪዎች ዝርዝር ዓርብ እንደሚላክ፣ እስከዚያ ያልተመለሰ ተማሪ ስሙ እንደማይካተት ነገረኝ። ስሟ ዓርብ ካልተላከ አትፈተንም፤ ካልተፈተነች ዘጠነኛ ክፍል የለም። አባትየውን አስጠርተው ቢያነጋግሩልኝ አልኩት። ስለ ሳጥኔ ወሬ እንደሰማ፣ እሱ አባት የሚያስጠራበት ጊዜ እንዳልሆነ መለሰልኝ። ወሬውን ከማን እንደሰማ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ስወጣ ግን ዘበኛውን በሌላ ዓይን አየሁት።

ረቡዕ ከሰዓት ሸማ ተራ ሄድኩ። ለእናቴ ነጠላ የምገዛ መስዬ ነው የሄድኩት። የተነገረኝን ሱቅ አገኘሁት፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። በነጠላና በጋቢ ክምር መሐል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ የሻይ ቤቱ ሰውዬ ተቀምጧል።

ተማሪዬ ከኋላው ሆና የጋቢ ጫፍ እየቋጨች ነበር። ስታየኝ ክሩ ከእጇ አመለጠ።

"ነጠላ ፈልጌ ነበር ጋሼ" አልኩ።

"ነጠላ አለን" አለ። "ይቀመጡ መምህር።"

መምህርነቴን ያሳወቀው አባትነቱ ነው ወይስ ሥራው? አባትም ጆሮ ጠቢም መሆን እኮ ይቻላል። አንድ ነጠላ አውርዶ ፊቴ ዘረጋው፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ። ይህን እያደረገ እንዲህ አለኝ፦

"የእኛ ሥራ ይሄ ነው። ሸማ ታጥፎ ይመጣል። ታጥፎ ሲታይ ሁሉም ነጭ ነው። እኔ ሳልዘረጋ የተቀበልኩት ሸማ የለም። ዘርጋው ሲሉት የሚያመነታ ሻጭ፣ መሐሉ ላይ ብል የበላው አለ ማለት ነው።"

ከዚያ ነጠላውን ትቶ ወደ ጉዳዩ ገባ። ልጁን ምን እያነበበች እንደሆነ ጠይቋት ነበር፤ መርከብ አለችው። መርከቡ የት ይደርሳል ሲላት ዝም አለች። ሲያጠብቅባት፣ መናገር ክልክል ነው አለችው። ማን ነው የከለከለሽ? መምህራችን። ለአባትሽም? ለማንም። መጽሐፉን ተቀብሎ ሲያየው ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሲገልጠው እንግሊዝኛ ነው። እሱ ዳዊት የደገመ ሰው ነው፤ አማርኛ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብሎ ያነበው ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሻይ ቤቷ ደጅ እየተቀመጠ፣ ስንት ልጅ ስም የሌለው ነገር ይዞ እንደሚወጣ ሲያይ ሰነበተ።

"አሥራ አራት ዓመት አንድ ነገር ደብቃኝ አታውቅም" አለኝ። "እርስዎ ዘንድ በገባች በሦስት ወሯ ደበቀችኝ።"

እያንዳንዱ ደንቤ ምክንያት ነበረው፤ ሁሉንም ላስረዳው ጀመርኩ። ስለ ሥዕል፣ ስለ ምስክርነት፣ መጨረሻው ቀድሞ የታወቀ ታሪክ እንዴት ጣዕሙ እንደሚጠፋ። በምናገርበት ጊዜ ነገሩ ለራሴም ሰበብ ሰበብ ሸተተኝ። ሰውየው እጁን አነሳ። ከተቀመጠበት ክምር ሥር ሰባት ቁጥርን አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው።

"ይዘርጉልኝ" አለ። "ከዳር እስከ ዳር።"

እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጀመርኩ። ታሪኩ ይህ ነው። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከታናሽ ወንድሟ ጋር መርከብ ላይ ወጥ ቤት ትሠራለች። መርከቡ ነፋስ አጥቶ ባሕሩ መሐል ይቆማል። አዛዡ የመጠጥ ውሃ ያለበትን በርሜል ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያስራል፤ ለሌላው ሰው በቀን አንድ ኩባያ እየሰጠ እሱ እንዳሻው ይጠጣል። ወንድሟ ይታመማል። ልጅቷ የራሷን ኩባያ ለእሱ እየሰጠች ትደክማለች። ሰውየው አንድ ቃል ሳያመልጠው ያዳምጣል። ባሕር አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ውሃ መቆለፍን ግን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ግማሹን አልፌ ወደ መጨረሻው ስቃረብ ተማሪዬ ተነሳች።

"አባባ፣ ልውጣ?"

"ወዴት?"

"ደጅ። እዚህ ጋ አልደረስኩም።"

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ከሱቁ ደጃፍ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች፤ ሁለቱን መዳፎቿን ጆሮዎቿ ላይ ጫነች። ሸክም የያዙ ኩሊዎች "ዞር በሉ" እያሉ ሲገፏት ጥግ ትይዛለች፤ እጇን ግን ከጆሮዋ አታወርድም። አባትየው ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

"ይቀጥሉ።"

መቀጠል አቃተኝ። የመጽሐፉ መጨረሻ እንዲህ ነው፦ መርከበኞቹ ያምጹና አዛዡን በራሱ ክፍል ይቆልፉበታል፤ የበርሜሉን ቁልፍም ለልጅቷ ይሰጧታል። ይህን በዚያ ዘመን፣ መርካቶ መሐል፣ ጆሮ ጠቢ ይሁን አይሁን እርግጠኛ ላልሆንኩበት ሰው፣ አለቃቸውን ስላሰሩ ሰዎች ለልጆች መጽሐፍ የማድል መምህር ሆኜ ልናገር? ነገ ቢሮ ጠርተው "ምን ብለሃል?" ቢሉኝስ? መጽሐፉ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ የሌለ ነገር እንደማነብ ሆኜ፣ አዛዡ በጠና ታመመ አልኩ። ልጅቷ አስታመመችው። ተጸጸተ፤ ቁልፉን በገዛ እጁ ከአንገቱ አውጥቶ ሰጣት፤ ነፋሱም ተነሳ፤ ሁሉም አለቀሱ።

የሰውየው ዓይን እጄ ላይ ነበር።

"ውሃ የቆለፈ ሰው፣ ስለታመመ ብቻ ቁልፉን ይሰጣል?"

"ተረት ነው እኮ ጋሼ።"

"እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም" አለ። ጭኔ ላይ ከመጽሐፉ ጋር የነበረውን ነጠላ ወስዶ እንደገና በሥርዓቱ አጠፈው። ከዚያ ልጁን ሳይጠራት፣ ነገ እንደምትመጣ ነገረኝ።

ሐሙስ መጣች፤ ዓርብ ስሟ ተላከ። እኔም ሳጥኑን በቁልፍ መቆለፍ ጀመርኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ሻይ ቤቱን አልተወም። ያው ወንበር፣ ያው ያልተነካ ሻይ። ልጁ ከተመለሰችለት አሁን የሚጠብቀው ማንን ነው?

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሌሎቹ ሲወጡ ልጅቷ ወደኋላ ቀረች። ሰባት ቁጥርን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ጨርሳዋለች።

"አባባ ትናንት መጨረሻውን ጠየቁኝ" አለችኝ። "አሁን ሁለታችንም ስላወቅነው መነጋገር እንችላለን አሉኝ። ታሞ ቁልፉን ሰጣት፣ አይደል? አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"አዎ አልኳቸው።"

አላለቀሰችም። የሽፋኑን ጠርዝ በጣቷ ታሻሽ ነበር። ለምን እንዲያ እንዳለች ስጠይቃት፣ አይደለም ብትል እኔ ውሸታም እንደምሆን፣ ያኔ ደግሞ አባቷ ከትምህርት ቤት እንደሚያስቀሯት ነገረችኝ። ይህን በሠላሳ ሴኮንድ ነው ያሰበችው፤ አባቷ ፊት ቆማ። ከዚያ ለምን እንደቀየርኩት ጠየቀችኝ።

አስረዳኋት። ስለ ጊዜው፣ ስለ ጥንቃቄ፣ ቃል እንዳድማጩ እንደሚመዘን፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ። ስጨርስ "እሺ" አለች። ያልገባው ተማሪ የሚለው እሺ አልነበረም። ገብቶት ያላመነ ተማሪ የሚለው ነው።

እውነቱን ለአባትየው ብናገር ልጅቷን መልሶ ያስቀምጣታል፤ ፈተናው ደግሞ አንድ ወር አልቀረውም። ስሟ መላኩ ብቻ አይበቃም፤ ሄዳ መቀመጥ አለባት። ዝም ብል ደግሞ ልጅቷ በእኔ የተነሳ አባቷን መዋሸት ትቀጥላለች። ሦስት ቀን አመነታሁ። በሦስቱም ቀን በሻይ ቤቷ ፊት ሳልፍ ሰውየው ባርኔጣውን ነካ አደረገልኝ። ያን ጊዜ ሁሉ እንደሚያውቅ ጠርጥሬ ነበር፤ ጥርጣሬዬን ግን ከፍርሃቴ መለየት አልቻልኩም።

በአራተኛው ቀን፣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ሌላ ትምህርት ላይ ሳለች፣ በትርፍ ክፍለ ጊዜዬ ሸማ ተራ ሄድኩ። ሰባት ቁጥርን ይዤ ነበር። ይቀመጡ እስኪለኝ አልጠበቅኩም።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት መጨረሻውን ቀይሬ ነው የነገርኩዎት።"

"አውቃለሁ" አለ።

ማን እንደነገረው ጠየቅኩት፤ ልጅቷ መሆኗን ፈርቼ ነበር። ራሱን ነቀነቀ።

"ማንም አልነገረኝም። ወንድምየው እስኪታመም ድረስ እጅዎ መጽሐፉ ላይ ነበር። መጨረሻው ላይ ነጠላዬን ያዙ። አጠፉት፤ ዘረጉት፤ መልሰው አጠፉት። እኔ ስንት ዓመት ሻጭ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ላኳት?"

"ልጄን አይቼ ነው" አለ። "ጆሮዋን ደፍና ደጅ ስትቆም አየኋት። ከእኔ የምትደብቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ራሷ ባልሸሸችው። እርስዎንማ አላመንኩዎትም።"

ከዚያ መጽሐፉን በአገጩ አሳየኝ። ያለ ትርፍ ቃል እውነተኛውን መጨረሻ ነገርኩት፤ ማመፁን፣ መቆለፉን፣ ቁልፉ ልጅቷ አንገት ላይ መዋሉን። መርከበኞቹ ለአዛዡ ውሃ እንዳትሰጠው ሲሏት እምቢ ማለቷን፤ በየቀኑ በበሩ ሽንቁር አንድ ኩባያ ማቀበሏን።

"ምን ያህል ትሰጠዋለች?"

"እንደሌላው ሰው። እኩል።"

"አታጎድልበትም?"

"አታጎድልም።"

ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ ውስጡን አየ፤ መልሶ አስቀመጠው።

"ታዲያ ይሄ ምኑ ነው የሚደበቀው?"

እውነቱን ከመናገር ሌላ መንገድ አልነበረኝም። "ጆሮ ጠቢ መስለውኝ ነበር" አልኩት።

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀም። "እኔ ደግሞ እርስዎ በልጆች እጅ ወረቀት የሚያዞሩ መስለውኝ ነበር" አለኝ። "አሁንም ግማሽ በግማሽ ነው። ስም የሌለው መጽሐፍ ቤቴ አይግባ። ስሙን ይጻፉበት።"

"እጽፋለሁ።"

ልጅቷን ከትምህርት ቤት ያስቀራት እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። እሷ እንደምትማር፣ እንደምትፈተንም ነገረኝ። ያስከፋው አዎ ማለቷ ብቻ እንደሆነ፣ ለማን ብላ እንዳለችውም እንደገባው ጨመረ። እንግዲያው ዛሬውኑ እነግራታለሁ፣ ሁሉንም እንደሚያውቁ ትወቅና ይቅለላት አልኩት። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፁ ውስጥ ፈገግታ የመሰለ ነገር ሰማሁ።

"አይንገሯት" አለ። "ሕጉ የእርስዎ አይደለም እንዴ? መጨረሻው ላልደረሰበት ሰው አይነገርም። ራሷ ትድረስበት።"

ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ዘበኛው ከሸማ ተራ ባዶ እጄን መምጣቴን አይቶ፣ ነጠላው ጠፋ እንዴ መምህር አለኝ። ነጠላ ልገዛ እንደነበር ነግሬው አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ሃያ ስድስቱን መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ስማቸውን ሽፋናቸው ላይ ጻፍኩ። ልጆቹ ግን በቁጥር መጥራታቸውን አልተዉም።

ዓርብ ልጅቷ ሰባት ቁጥርን ይዛ ተነሳች። ለምን እንደወደደችው ተናገረች፤ ስለ መርከቡ ልጅ ኩባያ፣ ስለ ወንድሟ፣ በጠራራ ፀሐይ ስለሚሰነጠቀው የመርከቡ ወለል። በርሜሉ የተቆለፈበት ጋ ስትደርስ ደንቡን ጠብቃ ዝም አለች። ዘጠኝ እጅ ተነሳ። መጽሐፉን ለመጀመሪያው ሰጥታ ስትቀመጥ ወደ እኔ አላየችም።

ትምህርት ሲለቀቅ ልጆቹን ተከትዬ እስከ በሩ ወጣሁ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት እሱንና ልጁን አንድም ቀን አብረው ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ግን መንገዱን አቋረጠችና ፊቱ ቆመች። ደብተሮቿን በአንድ እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ መናገር ጀመረች። ጎንበስ ብሎ ያዳምጣታል። በመሐላችን ጋሪ ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፤ ከምትለው አንድ ቃል አልሰማሁም። ስለ ፈተናው ይሆናል፤ ስለ እራትም ይሆናል። ከዚያ ነፃ የነበረውን እጇን አነሳችና፣ አየር ላይ፣ ቁልፍ እንደያዘ ሰው አዞረችው።

ሰውየው ሻዩን አንስቶ ጠጣ።